በ21 ዓመቱ የተቀጨው ኢ-ሰር እና የናይሮቢን ራፕ የለወጠው ብቸኛ አልበሙ

እሑድ መጋቢት 7/1995 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያኑ ማርች 16/2003) የ21 ዓመቱ ኬንያዊ ራፐር ኢሳ ማሪ ከናኩሩ ወደ ናይሮቢ ሲመለስ በደረሰ የመኪና አደጋ ሕይወቱ አለፈ። ሕዝብ የሚያውቀው ኢ-ሰር በተሰኘው የመድረክ ስሙ ነበር። ናኩሩ ላይ ዝግጅታቸውን አቅርበው አብረው ይመለሱ የነበሩት ጓደኛውና የሙያ አጋሩ ኔምለስ ከአደጋው ተርፏል።

ኢ-ሰር ለአድማጮቹ ትቶ ያለፈው አንድ አልበም ብቻ ነው። ርዕሱ ‘ኒሜፊካ’ ይሰኛል። በስዋሂሊ ‘ደርሻለሁ’ ማለት ነው።

ከሁለት አሥርት ዓመታት በኋላም የኬንያ ታላላቅ የራፕ ሥራዎች በተቆጠሩ ቁጥር ይህ አልበም ሳይነሳ አይታለፍም። ይሁን እንጂ በለጋ ዕድሜው የሞተን አርቲስት ሥራ መመዘን ቀላል አይደለም። ሐዘን ሚዛን ያጋድላል፤ ያልተሠራው ሥራ በተሠራው ላይ ይደመራል። ስለዚህም የኢ-ሰርን ሕይወት የሚከታተል ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል። ለዚህ ዝና ያበቃው ሙዚቃው ነው ወይስ አሟሟቱ?

ለጥያቄው መልስ ለማግኘት ወጣቱ ወደበቀለባት ከተማና ወደዚያ ዘመን መመለስ ያስፈልጋል።

ከሳውዝ ሲ እስከ መሃል ከተማ

ኢሳ ማሪ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ሜይ 20/1981 ተወለደ። ያደገውም ሳውዝ ሲ በተባለው የናይሮቢ ሰፈር ነው። ሳውዝ ሲ ከመሃል ከተማው በስተደቡብ፣ ከዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ፣ በአመዛኙ መካከለኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች የሚኖሩበት አካባቢ ነው። በርካታ ኢትዮጵያውያን ከሚያውቁት ከኢስሊም ሆነ ከሌሎቹ የምሥራቅ ናይሮቢ ሰፈሮች ጋር ሲነጻጸር ጸጥ ያለ ነው።

በናይሮቢ ሰፈርና ሰፈርን የሚያገናኘው መሃል ከተማው ነው። ከኃይለ ሥላሴ ጎዳና እስከ ዩኒቨርሲቲ ጎዳና፣ ከኡሁሩ ፓርክ እስከ ሪቨር ሮድ ያለው ይህ አካባቢ ሰፊ አይደለም፤ በእግር ሊያቋርጡት ይቻላል። ከየሰፈሩ የሚነሱት ማታቱ የሚባሉት የሕዝብ ማመላለሻ መኪኖች ግን አብዛኞቹ የሚያበቁት እዚሁ ነው። በመሆኑም የሳውዝ ሲ፣ የዳንዶራና የኢስሊ ወጣቶች እርስ በርስ የሚተያዩትና አንዱ የሌላውን አነጋገር የሚሰማው በመሃል ከተማው መንገዶች ላይ ነበር።

በዚያን ዘመን ማታቱ መጓጓዣ ብቻ አልነበረም። ውጭው በሥዕል ያሸበረቀ፣ ውስጡ በትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች የተሞላ ተንቀሳቃሽ የሙዚቃ ቤት ነበር። ወጣቱ ተሳፋሪ መኪናውን የሚመርጠው በሚያሰማው ሙዚቃ ነው። በመሆኑም አንድ አዲስ ዘፈን ማታቱ ውስጥ መሰማት ከጀመረ ሬዲዮ ሳያስፈልገው ከተማውን ማዳረስ ይችል ነበር። ሪቨር ሮድ ደግሞ ካሴት የሚባዛበትና የሚሸጥበት የንግድ ማዕከል ነበር፤ ሕጋዊውም ሕገ ወጡም ቅጂ ከዚያው አካባቢ ይወጣል። የኬንያ ሙዚቀኞች ስማቸውን ያገኙትም ገቢያቸውን ያጡትም በእነዚሁ መንገዶች ላይ ነው።

ራፕ በየትኛው ቋንቋ?

ኢ-ሰር ልጅ በነበረበት ጊዜ የኬንያ የአየር ሞገድ በመንግሥት ጣቢያ እጅ ነበር። ካፒታል ኤፍኤም በ1996 ሥርጭት ሲጀምርና ሌሎች የግል ጣቢያዎች ሲከተሉት የከተማው ወጣት አዲስ ነገር መስማት ጀመረ። ይሁንና የአዲሶቹ ጣቢያዎች ቋንቋ በአብዛኛው እንግሊዝኛ፣ ሙዚቃቸውም በአብዛኛው የአሜሪካና የእንግሊዝ ነበር። ራፐር መሆን የሚፈልግ የናይሮቢ ልጅም ቀድሞ የሚማረው የኒውዮርክን ወይም የሎስ አንጀለስን አነጋገር ነበር።

ይህን ግድግዳ ከነቀነቁት መካከል ሁለት ሥራዎች በተመሳሳይ ዓመት፣ በ1997 ተሰሙ። ሃርድስቶን የተባለው ድምፃዊ በአቀናባሪው ቴድ ጆሳያ አማካይነት ‘ኡሂኪ’ የተሰኘውን ዘፈን በኪኩዩ ቋንቋ አቀረበ። ካላማሻካ የተባሉት ሦስት የዳንዶራ ወጣቶች ደግሞ ‘ታፍሲሪ ሂይ’ን በስዋሂሊና በሼንግ ራፕ አደረጉ። ሼንግ በምሥራቅ ናይሮቢ ሰፈሮች የተወለደ፣ የስዋሂሊን ሰዋስው ይዞ ከእንግሊዝኛ፣ ከኪኩዩ፣ ከሉኦና ከሌሎችም ቋንቋዎች ቃል የሚዋስ የወጣቶች አነጋገር ነው። ካላማሻካዎች ስለ ድህነት፣ ስለ ፖሊስና ስለተስፋ ማጣት ይናገሩ ነበር። ጌዲ ጌዲ ማጂ ማጂ የተባሉት ጥንዶችም በሉኦ ቋንቋ የራፕን በር ከፈቱ።

ኢ-ሰር ወደ ሙዚቃው የገባው ይህ በር ከተከፈተ በኋላ ነው። የመጀመሪያው አልነበረም፤ ለመጀመሪያነት የሚሰጠው ክብርም የእርሱ አይደለም። የእርሱ ድርሻ ሌላ ነበር። በአገር ቋንቋ የሚሠራ ራፕ ቁም ነገር መያዝ እንደሚችል ቀደምቶቹ አሳይተዋል። በዚያው ቋንቋ ቀልድ፣ ፍቅርና ጭፈራም በጥበብ ሊቀርቡ እንደሚችሉ ያሳየው ግን እርሱ ነው።

የፍርሃት ስም ያለው ስቱዲዮ

ኢ-ሰርን ለሕዝብ ያስተዋወቀው ኦጎፓ ዲጄስ የተሰኘው አሳታሚ ነው። በሁለት ወንድማማቾች የሚመራው ይህ ስቱዲዮ በአዲሱ ክፍለ ዘመን መባቻ የናይሮቢን የዳንስ ሙዚቃ መልክ የቀረጸ ሲሆን፣ ኔምለስና ሬድሳንን ጨምሮ በርካታ ድምፃውያን የወጡበት ነው። ኔምለስ በትክክለኛ ስሙ ዴቪድ ማቴንጌ፣ በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ ትምህርት የተከታተለ ወጣት ነበር። ከኢ-ሰር ጋር የመሠረተው ጥምረት የስቱዲዮው ዋነኛ መታወቂያ ሆነ።

ሁለቱ በጋራ የሠሩት ‘ቡምባ ትሬን’ የዚያ ዘመን ወጣት ሁሉ የሚያውቀው ዘፈን ነው። አድማጩን ወደ ጭፈራ ባቡር ይጋብዛል። ናይሮቢ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ባረፉበት ስፍራ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ የባቡር ጣቢያዋም እስከ ዛሬ በመሃል ከተማው ደቡባዊ ጫፍ፣ ከኃይለ ሥላሴ ጎዳና አጠገብ ይገኛል። ‘ቡምባ’ የሚለው ስምም ከዘፈኑ አልፎ የኦጎፓ ስቱዲዮ የሙዚቃ ስልት መጠሪያ እስከመሆን ደርሷል።

‘ኦጎፓ’ በስዋሂሊ ‘ፍራ’ ማለት ነው። ኢ-ሰር በዚሁ ስቱዲዮ ከሠራቸው ዘፈኖች አንዱ ደግሞ ‘ሃሙኒቲሺ’ ይሰኛል፤ ‘አታስፈሩኝም’ እንደማለት ነው። በ2002 ጌዲ ጌዲ ማጂ ማጂ ያወጡት ‘አንቧገብል’ የተሰኘው ዘፈንም የሉኦን ‘ማስፈራራት’ የሚል ግስ ወስዶ የእንግሊዝኛ መነሻና መድረሻ በመቀጠል የተፈጠረ ቃል ነው፤ ትርጉሙ ‘የማይደፈር፣ የማይፈራ’ የሚል ነው። የኬንያ ወጣቶች በአንድ ወቅት ስለ ፍርሃት ይህን ያህል መዘመራቸው ያለምክንያት አልነበረም። አገሪቱን ለ24 ዓመታት የመሩት ዳንኤል አራፕ ሞይ ሥልጣን የሚለቁበት ጊዜ ደርሶ ነበር።

በዲሴምበር 2002 በተካሄደው ምርጫ ‘አንቧገብል’ የተቃዋሚው ጥምረት የቅስቀሳ ዜማ ሆነ። ምዋይ ኪባኪ አሸነፉ። ከምርጫው ሳምንታት በፊት በመኪና አደጋ ተጎድተው ስለነበር ዲሴምበር 30 በኡሁሩ ፓርክ ቃለ መሐላ የፈጸሙት በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ነው።

የኢ-ሰር ‘ሃሙኒቲሺ’ የምርጫ ዘፈን አልነበረም። የሚገዳደረው ፖለቲከኛን ሳይሆን ተቀናቃኝ ራፐሮችንና ተጠራጣሪዎችን ነው። ሆኖም ዘፈን የሚደመጠው በወጣበት ዘመን አየር ውስጥ ነውና፣ አንገቱን ቀና አድርጎ አልፈራም የሚል የ21 ዓመት ወጣት ድምፅ በዚያ ሰሞን ከራፐሮች ፉክክር የሰፋ ትርጉም ነበረው።

አልበሙ ሲመዘን

‘ኒሜፊካ’ን ለመመዘን ከሁሉ በፊት የስዋሂሊን ባሕርይ ማጤን ይገባል። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ አይሆንም። ‘ኒሜፊካ’ አንድ ቃል ቢሆንም ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ አድራጊውን፣ የድርጊቱን መፈጸምና ድርጊቱን በአንድነት ይዟል፤ ልክ እንደ ‘ደርሻለሁ’። ‘ሃሙኒቲሺ’ም እንደ ‘አታስፈሩኝም’ አፍራሹን፣ አድራጊዎቹንና ተደራጊውን በአንድ ቃል ጠቅልሎ ይዟል። እንግሊዝኛ ይህን ለማለት በርካታ ቃላት መደርደር ይኖርበታል። ስለሆነም በስዋሂሊ ራፕ ማድረግ የእንግሊዝኛን ምት ወስዶ ቃል መተካት ብቻ አይደለም። አተነፋፈሱም የቃላቱ አሰካክም ከሥሩ ይለወጣል።

ቋንቋው ወጥመድም አለው። የስዋሂሊ ቃላት በአናባቢ ድምፅ ያበቃሉ፤ ጫናውም በአብዛኛው ከመጨረሻው በፊት ባለው ክፍለ ቃል ላይ ያርፋል። በዚህ ምክንያት ስንኝን ቤት ማስመታት እጅግ ቀላል ነው። በአማርኛ ስንኞቹን ሁሉ በ‘አለሁ’ ብቻ የሚዘጋ ገጣሚ ቤት መታ ቢባልም ደከመ እንደማይባል ሁሉ፣ በስዋሂሊም የቃል ጫፍ ብቻ ማመሳሰል ጥበብ አይደለም።

የኢ-ሰር ችሎታ ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የስንኙን ጫፍ ብቻ አላዜመም፤ የሚመሳሰሉ ድምፆችን በስንኙ ሆድ ውስጥ ይበትናል፤ ረጅሙን ግስ ከምቱ ቀድሞ ጀምሮ ከምቱ በኋላ ይጨርሰዋል፤ ፈጠን ብሎ ሄዶ ድንገት ይዘገያል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ቃሉ አይዋጥም። ከሼንግ ይልቅ ወደ ጠራው ስዋሂሊ ማዘንበሉም የወጣቱን አነጋገር የማይረዱ ታላላቆች ጭምር እንዲሰሙት አስችሏል። ከናይሮቢ ውጭ፣ ስዋሂሊ የአፍ መፍቻ በሆነባቸው የባሕር ዳርቻ ከተሞችም ሆነ በታንዛኒያ ለሚኖር አድማጭ ቅርብ የሆነ ቋንቋ ነው።

‘ሌዮ ኒ ሌዮ’ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ርዕሱ ዛሬን ከነገ የሚያስበልጥ የታወቀ የስዋሂሊ አባባል መነሻ ነው። ኢ-ሰር ከአያቶች አፍ የሚሰማውን ይህን አባባል ወስዶ የምሽት ጭፈራ መጥሪያ አደረገው። አባባሉን ሳይቀይር ስፍራውን ብቻ ቀየረው፤ በዚህም የሽማግሌው ምክር የወጣቱ ፈቃድ ሆነ።

‘ሞስ ሞስ’ ከአልበሙ ሥራዎች ሁሉ የበለጠ የተረጋጋው ነው። ርዕሱ ከሉኦ ቋንቋ ወደ ናይሮቢ አነጋገር የገባ ሲሆን ‘ቀስ በቀስ’ የሚል ትርጉም አለው። ብሬንዳ የተባለችው ድምፃዊት የምትሳተፍበት የፍቅር ዘፈን ነው። በዚያ ጊዜ በነበረው የዳንስ ራፕ ውስጥ ሴት በአብዛኛው የሚወራላት እንጂ የምትናገር አልነበረችም። እዚህ ግን የሴቷ ድምፅ ከወንዱ እኩል ቦታ አለው፤ ራፐሩም ፉከራውን ጥሎ ለዘብ ይላል። ሌላ አልበም ለመሥራት ዕድሜ ቢኖረው ወዴት ሊያድግ ይችል እንደነበር የሚጠቁም ዘፈን ቢፈለግ ይህ ነው።

ጉድለቶቹ

አልበሙ እንከን የለውም ማለት ግን አይቻልም። ከሁሉ በፊት የሚሰማው የቅንብሩ መመሳሰል ነው። የኦጎፓ ሙዚቃ በኪቦርድ በተሠሩ ጥቂት ድምፆችና ለዳንስ በተመጠነ ምት ላይ የተመሠረተ ነው። አንዱ ዘፈን ሲያልቅ ቀጣዩ የእርሱው ቅጥያ የሚመስልበት ጊዜ አለ። ዘመን የወለደው ድምፅ ከዘመኑ ጋር ያረጃል፤ የራፐሩ ቃላት ዛሬም ትኩስ ሆነው ሳሉ የሚያጅባቸው ሙዚቃ ግን ዕድሜውን ይናገራል።

ሌላው ትችት ይዘቱን የሚመለከት ነው። የዳንዶራ ራፐሮችና ተከታዮቻቸው የኦጎፓን ስልት ‘ካፑካ’ የሚል የንቀት ስም አውጥተውለት ነበር። በእነርሱ እይታ ራፕ ማለት የድሃውን ሰፈር እውነት መናገር ነው። ሥራ አጥነትና የፖሊስ ዱላ ባሉበት ከተማ ስለ ጭፈራ፣ ስለ ሴትና ስለ ራስ ብቃት ብቻ መዝፈን ራፕን መሸቃቀጥ ነው ይሉ ነበር።

ትችቱ በ‘ኒሜፊካ’ ላይም ይሠራል። አልበሙ የተሠራበት ዘመን ኬንያ መንግሥት የቀየረችበት ነው፤ በዘፈኖቹ ውስጥ ግን የዚያ ታሪክ ጥላ እምብዛም አይታይም። የሳውዝ ሲው ወጣት የዳንዶራን ቁስል አልነካም። ፉከራውም አልፎ አልፎ ከሚገባው በላይ ይረዝማል።

በሌላ በኩል ግን የናይሮቢ ወጣት በራሱ ቋንቋ ለመደሰት መቻሉ ራሱ ትንሽ ነገር አልነበረም። ቁም ነገር በአገር ቋንቋ፣ ፌሽታ ግን በባዕድ ቋንቋ የሚል ያልተጻፈ ሕግ ነበር። ቋንቋ ለእንባ ብቻ ሳይሆን ለሳቅም ካልዋለ ሙሉ አይሆንም። ይህን የተገነዘቡ ስለነበሩም ካፑካን የሚንቁ ራፐሮች እንኳ ኢ-ሰርን ከንቀታቸው ነጥለው ያዩት ነበር። በጭፈራ ምት ላይ ቆሞ የቃል ጌታ መሆን እንደሚቻል ማስረጃው እርሱ ነበርና።

ከናኩሩ መልስ

ኢ-ሰር ዝናው ከፍ ባለበት ወቅት የኬንያ ራፐር ሕይወት በመንገድ ላይ የሚያልፍ ነበር። ካሴት በገፍ ይባዛል፤ ገንዘቡ ግን ለአርቲስቱ እምብዛም አይደርስም። ስለሆነም እንጀራው ያለው በመድረክ ላይ ነው፤ መድረኩ ደግሞ ከናይሮቢ ውጭ ባሉ ከተሞችም ጭምር ነበር። ናኩሩ ከናይሮቢ በስተሰሜን ምዕራብ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ትገኛለች። ሁለቱን የሚያገናኘው አውራ ጎዳና ከሞምባሳ ወደብ ወደ ኡጋንዳ የሚያልፉ ከባድ የጭነት መኪኖች የሚመላለሱበት፣ ብዙ ሕይወት የቀጠፈ መንገድ ነው።

ኪባኪ ቃለ መሐላ ከፈጸሙ 80 ቀናት እንኳ ሳይሞሉ ነበር ኢ-ሰር በዚህ መንገድ ላይ የሞተው። 22ኛ ዓመቱን ለማክበር ሁለት ወራት ቀርተውት ነበር። አዲስ ዘመን ጀመርን ብሎ በደስታ ላይ ለነበረው የናይሮቢ ወጣት መርዶው ከባድ ሆነ።

በቀጣዩ ዓመት ፌብሩዋሪ የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ጆን ሚቹኪ ያወጡት ጥብቅ ደንብ ሥራ ላይ ዋለ። ማታቱዎች የፍጥነት መገደቢያና የደኅንነት ቀበቶ እንዲገጥሙ፣ ጎናቸውም ላይ ቢጫ መስመር እንዲቀቡ ታዘዙ። የደንቡ መነሻ የአንድ ሰው ሞት ሳይሆን በየዓመቱ በኬንያ መንገዶች የሚረግፈው ሕዝብ ነበር። ሆኖም የኢ-ሰርን ዘፈኖች ከሰፈር ሰፈር ያደረሱት ባለሥዕልና ባለጩኸት መኪኖች ለጊዜውም ቢሆን ከመሃል ከተማው መንገዶች ደበዘዙ።

ከኢ-ሰር በኋላ

ኔምለስ ሙዚቃውን ቀጠለ፤ ከኬንያ ታዋቂ ድምፃውያን አንዱም ሆነ። ጁዋ ካሊ በኢስሊ አቅራቢያ ካለው ካሊፎርኒያ ሰፈር ተነስቶ ጌንጌ የተባለውን ስልት አስፋፋ። ከ2018 ወዲህ የመጡት የጌንጌቶን ወጣቶችም በሼንግ ከተማውን አናወጡት። በስልትም በሥነ ምግባርም ከኢ-ሰር የሚለዩ ናቸው፤ በየትኛው ቋንቋ ራፕ እናድርግ ብለው ግን አይጨነቁም። ይህ ጥያቄ ቀድሟቸው በመጡት ሰዎች ተመልሷል።

ጥያቄው የኬንያውያን ብቻ አይደለም። በአማርኛ ራፕ የሚሠሩት እነ ልጅ ሚካኤልና ቴዲ ዮም ከሌላ አገር የመጣን ስልት የቅኔና የፉከራ ታሪክ ባለው ቋንቋ ላይ እንዴት ማሳረፍ እንደሚቻል ፈትነዋል። የስዋሂሊው ልምድ የሚያስተምረው ነገር ቢኖር የተዋሱትን ምት ለቋንቋው ማስገዛት እንጂ ቋንቋውን ለምቱ ማጉበጥ እንደማያዋጣ ነው።

ስለዚህ የኢ-ሰር ዝና ከሙዚቃው ነው ወይስ ከአሟሟቱ ለሚለው ጥያቄ ሚዛናዊው ምላሽ ከሁለቱም ነው የሚል ይሆናል። ሞቱ ከድካሙ ሰውሮታል። ሁለተኛ አልበም ቢሠራ ሊወድቅ ይችል ነበር፤ ሊደጋገም ይችል ነበር፤ ዛሬ እንደ ብዙ እኩዮቹ የትናንት ሰው ሊባል ይችል ነበር። ሙት አይሳሳትም፤ ከዚህ የተነሳም ስሙ ሳይነካ ቆይቷል።

ይሁን እንጂ ሐዘን ብቻውን አንድን አልበም ይህን ያህል ዓመት አያስደምጥም። አደጋው በደረሰበት ዕለት ገና ያልተወለዱ ኬንያውያን ዛሬ ‘ሌዮ ኒ ሌዮ’ን ቃል በቃል ያወጡታል። እነርሱ የሚያዝኑለት ሰው የላቸውም፤ የሚሰሙት ዘፈኑን ብቻ ነው። ‘ኒሜፊካ’ ፍጹም አልበም አይደለም፤ ገና በጅምር ላይ የነበረ የአንድ ወጣት ሥራ ነው። ጅምር ሆኖ ሲመዘን ግን በዚያ ዘመን ከናይሮቢ ከወጡት የራፕ አልበሞች ጥቂቶቹ ብቻ ይስተካከሉታል።